ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ወደ ሥራ መመለስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የ36 ዓመት ሰው ሲሆን የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ከአራት ወር በፊት ከሞተር ሳይክል ወድቆ አንድ ሰዓት ያህል ራሱን ስቶ ነበር። በሲቲ ስካን የታየው ትንሽ ደም በኋላ ጠፍቷል ተብለናል። ለሚያየው ሰው ደህና ነው። ነገር ግን ቁጥር ያምታታል፣ የጀመረውን ይረሳል፣ ሳይረፍድ ይደክመዋል፣ ልጆቹንም ይቆጣል። መሥሪያ ቤቱ ተመለስ እያለው ነው። ይመለስ ወይስ ይቆይ?
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወይዘሮ ሰ.፣ ይመለስ፤ ግን በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ሥራው አይግባ።

ደሙ መጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ የአንጎል ሴሎችን የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይበጠሳሉ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን አይታይም። ስለዚህ ባለቤትዎ ቀድሞ ሳያስበው የሚደምረውን ዛሬ በብዙ ጥረት ነው የሚሠራው። ድካሙም ቁጣውም ከዚያ ይመጣል። እባክዎ ማንም ሰው ሰነፈ እንዲለው አይፍቀዱ። እንዲህ ባለ ጉዳት ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ መሻሻል ይቀጥላል።

በመጀመሪያ ቤት ውስጥ ይሞክር። ጠዋት፣ ስልኩን ዘግቶ፣ የሒሳብ ሥራ አንድ ሰዓት ይሥራ። ራስ ምታት ሳይነሳበት ከጨረሰ በየጥቂት ቀኑ ሰዓቱን ይጨምር። ሁለት ሦስት ሰዓት ሲችል በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ይጀምር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድካሙ ታይቶ ይጨመርለት። ማታ እራት ሳይበላ የሚተኛ ከሆነ በዝቶበታል፤ አንድ ደረጃ ይመለስ። ገና ሲጀምር የወር መዝጊያ ሒሳብ አይያዝ፣ የክፍያ ሰነድም ብቻውን አይፈርም። ይህን አጥብቄ የምለው ስሕተት በገንዘብ ሥራ ላይ ሲደርስ በሕመም ሳይሆን በእምነት ማጉደል ስለሚታይ ነው።

የሚረሳውን ወዲያው በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ። መጠጥና ጫት ይተው፣ በሰዓቱ ይተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አይውሰድ፤ አንጎሉን የበለጠ ያደነዝዘዋል። ሐኪም ሳይፈቅድለት ሞተር ሳይክልም መኪናም አይንዳ።

ስለ ፈቃዱ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈልባቸዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ክፍያ የላቸውም። አደጋው የደረሰው በሥራ ላይ ከሆነ ግን የተሻለ መብት ስላለው ይህን ያስጣሩ። ጊዜው ሳያልቅ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይዘውት ይሂዱ፤ የማስታወስና የትኩረት ምርመራ እንዲደረግለትም ይጠይቁ። ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ብቻ ከሆነ አይቀበሉ። ስንት ሰዓት፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ የትኛው ሥራ ለጊዜው እንደሚቀር ተዘርዝሮ ይጻፍ።

የሚጥል ሕመም፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከማስታወክ ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካዩበት ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።