ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ አልነሳ ያለው ማሲ ፈርጉሰን 135

ጥያቄው የመጣው ከደምበጫ ነው። «ጋሼ፣ የአባቴን ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ከጓደኛዬ ጋር ግቢያችን ውስጥ ፈታነው። የሦስቱንም ፒስቶን ፋሻ (ቀለበት)፣ የቴስታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን ቀየርን፤ የናፍጣ ፖምፓውን አውርደን ከውጭ አጥበን መለስነው፤ በመጨረሻ ሁሉንም ቀለም ቀባነው። ከመፈታቱ በፊት ጉልበት ቢያንሰውም ይነሳ ነበር። አሁን ሞተሪኖው (የማስነሻ ሞተሩ) ያዞረዋል እንጂ አይነሳም። አንዳንዴ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ አንዳንዴ ምንም የለም። ያየው መካኒክ ፖምፓው ሞቷል፣ ቀይሩት ብሎናል። እንቀይረው ወይ?»

አትቀይሩት። ለጊዜው አትክፈቱትም። በራሱ ይነሳ የነበረ ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም እምቢ ካለ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው የእናንተ እጅ በነካው ቦታ ነው። የፖምፓውን ሆድ አልነካችሁትም፤ እሱን መጠርጠር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ያ ፖምፓ በውስጡ የሚታሸው ብረት ሁሉ ናፍጣው ራሱ እያለሰለሰው የሚሠራ ስለሆነ፣ አቧራ ባለበት ግቢ ከተከፈተ ደህናውም ይበላሻል።

የነገርከኝ ጭስ ብዙ ይናገራል። ሞተሪኖው እያዞረ ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልነደደም ማለት ነው። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። አንዳንዴ እንዲህ አንዳንዴ እንዲያ ከሆነ፣ መስመሩ ውስጥ አየር አለ ብዬ እነሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ቀለሙን እይልኝ። ትራክተር አሳምሮ የሚገጥም ሰው ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። የባትሪው ማሳ (ወደ ትራክተሩ ብረት የሚሄደው የኔጌቲቭ ገመድ) የታሰረበት ቦታና ሞተሪኖው የተቀመጠበት ፊት ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በደንብ አያልፍም፤ ሞተሪኖው ያዞራል፣ ግን ዝግ ብሎ ነው። ናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩ ታፍኖ ሲግል ብቻ ነው፤ ዝግ ብሎ ከዞረ ግን ሙቀቱ ወደ ብረቱ ይሸሻል። ሰው ሞተሪኖውን ሲያዞርልህ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ባዶ የሞተር ብረት ላይ አድርገህ አንብብ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየህ ማሳው አልያዘም፤ ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ፍቀህ እንደገና እሰር። የባትሪው የራሱ ቮልት ደግሞ እየዞረ ሳለ ከ10 በታች መውረድ የለበትም።

ይህ በእናንተ አገር ይበልጥ ይጎዳል። ጎረቤታችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ደምበጫ ትንሽ ዝቅ ትላለች እንጂ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የሚታፈነው አየር ሲሳሳ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ግፊት ዝቅ ይላል፤ አዲስ ፋሻ ደግሞ ገና ከግድግዳው ጋር አልተላመደም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ሲጨመርበት ደህና ሞተርም ያንገራግራል። ስለዚህ አየር መግቢያው ላይ ያለችው ማሞቂያ መሥራቷን አረጋግጥ፤ ናፍጣ የምታገኝበትን ቀጭን ቱቦም ተመልከት፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆና ትገኛለች።

አየሩን ለማስወጣት ሰልባትዮው (የናፍጣ ታንከሩ) ቢያንስ ግማሽ ይሙላ። በሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሿን ፖምፓ በእጅ ሌቫዋ እየገፋህ በመጀመሪያ የፊልትሮውን፣ ቀጥሎ የዋናውን ፖምፓ ሁለት ትናንሽ ብሎኖች በየተራ አላላ፤ አንዱ ሰውነቱ ጎን ላይ፣ ሌላው አናቱ ላይ ነው። አረፋ አልባ ናፍጣ ሲፈስ የታችኛውን አስቀድመህ፣ የላዩን አስከትለህ እሰር። ሌቫዋ ምንም ሳትከብድ ወዲህ ወዲያ ካለች ተበላሸች ብለህ አትፍታት፤ የምትገፋት ካም (በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው እብጠት) አናት ላይ ቆማ ነው። ሞተሩን አንድ ዙር አዙረህ ሞክራት፣ ትይዝልሃለች። በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹን (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩትን) ቱቦዎች ዳዶ አላልተህ፣ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ ከፍተህ በሞተሪኖ አዙር፤ ናፍጣው ሲተፋ እሰር። ያን ጊዜ መዳፍህን ከሚረጨው ፊት አታድርግ፣ ዓይንህንም አርቅ። በግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቢገባ ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

እዚሁ ላይ የማጥፊያውን ካቦ እይ። ፖምፓው ላይ ያለችው የማጥፊያ ሌቫ ካቦው አጥሮ ወይም በቀለም ተጣብቆ በማጥፊያ ቦታ ላይ ከቀረች ጠብታ አታልፍም፤ ዝንተ ዓለም ብታዞረው አይነሳም። ካቦውን ፈትተህ ሌቫዋን በእጅህ ወደ መሥሪያዋ መልሳት።

አየሩም ወጥቶ፣ ሞተሩም ፈጥኖ ዞሮ፣ ነጭ ጭሱ ካልቀረ ናፍጣው የሚገባው ያለ ሰዓቱ ነው። ፖምፓው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ጆሮ ላይ በስለት የተጫረ መስመር አለ፤ ሞተሩም ላይ ጓደኛው አለ። ቀለም ሸፍኗቸው ይሆናልና በቀስታ ፋቃቸው፤ ሁለቱ መስመሮች ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ጥቂት ብትዘነበል ሞተሩ ይለግማል። ጊሩን ከፖምፓው ጋር የሚያገጥመው ፒን ቦታው ላይ መቀመጡንም ከፊት ባለው ክዳን በኩል ተመልከት።

የታይሚንግ ጊሮቹን (የሞተሩን ሰዓት የሚጠብቁትን ጥርሳም ጎማዎች) ካወረዳችኋቸው፣ በጥርሶቹ ላይ የተመታው ነጥብ ከነጥብ ጋር መግጠም ነበረበት። አሁን ክዳኑን ከፍተህ ነጥቦቹ ተለያይተው ብታይ አትደንግጥ። በመካከል ያለው ጊር የጥርሱ ቁጥር ስለሚለያይ ነጥቦቹ ተመልሰው የሚገጣጠሙት ብዙ ዙር ከዞረ በኋላ ነው። ያን ከመጠበቅ የቫልቮላውን ክዳን አንሳ። በራዲያተሩ በኩል ያለው ሲሊንደር አንድ ነው። ሞተሩን በቁልፍ በእጅ እያዞርህ የአየር ማስገቢያው ቫልቮላ ሲከፈትና ሲዘጋ ተመልከት፤ ቀጥሎ ፒስቶኑ አናት ላይ ሲደርስ የዚያ ሲሊንደር ሁለት ቢላንቸሮች (ቫልቮላዎቹን የሚገፉት ክንዶች) በእጅ ሲነኩ መላወስ አለባቸው። የተወጠረ ካለ ቫልቮላው ሙሉ አልተዘጋም፣ ግፊት የለህም። ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። የኢንጀክተሮቹ ቱቦዎችም አለመቀያየራቸውን አጣራ፤ የሚያቃጥለው በ1፣ 2፣ 3 ቅደም ተከተል ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከየኢንጀክተሩ ሥር የምትገባው የመዳብ ሮንዴላ። አሮጌዋ ጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቃ ትቀርና አዲሷ በላይዋ ትደረባለች፤ ያን ጊዜ የሚረጭበት ከፍታ ይዛባል። በባትሪ መብራት ጉድጓዱን እይ። ኢንጀክተሮቹን ራሳቸውን ግን መፈተሻ ማሽን ላለው ሰው ስጥ፤ በዓይን አይታወቁም።

ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መግቢያው ላይ ይዞ ማስነሳት የሚባለውን ተው፤ ማሞቂያዋ እየጋለች ከሆነ እሳቱ ወደ ፊትህ ይመለሳል። በሌላ መኪና ጎትቶ ማስነሳትም ታይሚንጉ ሳይረጋገጥ አይሆንም፤ ቫልቮላ ከፒስቶን ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ሲነሳ መጀመሪያ የዘይት ግፊቱን እይ። ከዚያ ቆሞ እንዲንጎራጎር ለሰዓታት አትተወው፤ አዲስ ፋሻ ቆሞ በሚሠራ ሞተር ላይ ግድግዳውን መስታወት ያስመስለዋል፣ ዘይትም ይበላል። ከሞቀ በኋላ ቀለል ያለ ተሳቢ አስይዘህ ሥራ አሠራው። ቴስታውን በማኑዋሉ ልክ ደግመህ እሰር፤ ቫልቮላውንም በሙቁ 0.25 አድርገህ መልስ።

በደብዳቤህ ግርጌ ፍሪሲዮኑንም ልንቀይር ነው ብለሃል። ትራክተሩን መሃሉ ላይ ለሁለት ከመክፈላችሁ በፊት የፊት አክሱሉ እንዳይወዛወዝ በሁለቱም ጎን በእንጨት ሽብልቅ አጥብቁት፤ ያለዚያ የፊተኛው ግማሽ በጎኑ ይገለበጣል። ስትመልሱ ሁለቱም ዲስኮች መሃል ለመሃል ይቀመጡ፤ ግማሾቹ በእጅ እየተገፉ መግጠም አለባቸው። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ቮላኖውን (ከሞተሩ ኋላ ያለውን ከባድ ክብ ብረት) ትንሽ አዙራችሁ ግፉ እንጂ በብሎን ስባችሁ አትዝጉት፤ የዲስኩ መሃል ይሰበራል።