ጎርፍ የመታው ሐይቅ ዳር፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ የደረሱን ናቸው። የጠያቂዎቹ ሙያ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፦ ለመዝናናት የምንሄድበት የውሃ ዳር መንደር አደጋ ሲደርስበት መንገደኛ ምን ሊያደርግለት ይችላል?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤታችን የጉዞ ማኅበር 24 አባላት አሉት። በጭዳና በታርጫ አድርገን ሶዶ፣ ከዚያም ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርደን ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ልናሳልፍ ኮስተር ተከራይተን ለማረፊያውም ቀብድ ከፍለናል። አሁን መንደሩን ጎርፍ መታው። ግማሾቻችን “ሰው ቤቱ ፈርሶበት እኛ ልንዝናና?” ሲሉ ግማሾቻችን “ብንቀር ይብስባቸዋል” ይላሉ። ማን ልክ ነው?
— የባንክ ሠራተኛ

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልዩነቱ የጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሄድ ሸክም ነው፤ መንደሩ “ኑ” ካለ በኋላ መቅረት ደግሞ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል።

መጀመሪያ ቸኩሎ የመሄዱን አደጋ እንይ። በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የመሬት መንሸራተት ሲደርስ ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ጎረቤት ለማዳን የሮጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው። ውሃ የጠገበ ዳገት ዝናቡ ካባራ በኋላም ይንሸራተታል። ከጅማ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ገደል ለገደል ስለሚሄድ ይህን ሳያጣሩ መነሳት አይገባም።

ዘግይቶ የመቅረቱን ጉዳት ለማየት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 የህንድ ውቅያኖስን ዳርቻዎች የመታውን ሱናሚ እናስታውስ። ታይላንድ ፑኬት ላይ ማዕበሉ ያልነካቸው ሆቴሎች ጭምር ባዶ ቀሩ፤ ቤታቸው የተረፈላቸው አስተናጋጆችና ጀልባ ነጂዎች ሥራቸውን አጡ። ተቃራኒው የሀዋይ ማዊ ደሴት ነው። ላሃይና የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 2023 ተቃጠለች፤ አካባቢው ከጥቅምት 8 ጀምሮ ለጎብኚ ሲከፈት ብዙ ነዋሪዎች ተቃወሙ። ቤት ያጡት ቤተሰቦች ያረፉት ለእንግዳ በሚከራዩት የሆቴል ክፍሎች ውስጥ ነበርና።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ለማረፊያው ባለቤት ብቻ አትደውሉ፤ እሱ ገንዘቡን ስለሚፈልግ “ምንም የለም፣ ኑ” ሊላችሁ ይችላል፤ አይፈረድበትም። የቀበሌውን አስተዳደር፣ የወረዳውን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ጽሕፈት ቤትና የጀልባ ማኅበሩን ጠይቁ። የጠፋ ሰው ፍለጋ አብቅቷል? ተፈናቃዮች ያረፉት በትምህርት ቤት ነው ወይስ በእንግዳ ማረፊያዎች? የቧንቧው ውሃ ተመልሷል? መንገዱ ኮስተር ያሳልፋል ወይስ አይሱዙ ብቻ? ከአራቱ አንዱ መልስ እንኳ መጥፎ ከሆነ ጉዞውን አትሰርዙት፤ አሸጋግሩት። ቀብዱንም አታስመልሱ። ለእናንተ የጥቂት ወራት ትዕግሥት ነው፤ ለማረፊያው ግን ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞቹን ሳያሰናብት የሚቆይበት ገንዘብ ነው። አዲሱን ቀንና “ቀብዱ ይያዛል” የሚለውን በጽሑፍ ተለዋወጡ፤ በቃል የተባለ ነገር ከሦስት ወር በኋላ ያጣላል።

ስትሄዱም ወጪያችሁን በትኑት። ምሳውን በማረፊያው፣ እራቱን ዓሣ ጠብሰው ከሚሸጡት እናቶች፣ ቡናውን ከጀበና ቡና ቤቷ አድርጉት። ጀልባውን በማኅበሩ ተራ ያዙ። ዋጋ አትከራከሩ፤ ግን ሦስት እጥፍ እየከፈላችሁም የመንደሩን ዋጋ አታበላሹ።

ጥያቄ፦ እድራችን ለተጎጂዎች 14 ማዳበሪያ ልብስ ሰብስቧል። የጉዞ ማኅበሩ በኮስተሩ ጭኖ እንዲወስድልን እንፈልጋለን። ሌላስ ምን ብንጨምር ይጠቅማል?
— የእድር ጸሐፊ፣ ሒርማታ

መልስ፦ ለአሰባሳቢዎቹ ቅር ሊል ይችላል፤ ግን ልብሱን ባትጭኑት ይሻላል። ያልተለየ ልብስ እዚያ ሲደርስ የሚለየው፣ የሚያጥበውና የሚያከፋፍለው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ውሃ በማደል ላይ ያለው ነው። ከሱናሚው በኋላ በህንድ ታሚል ናዱ በእርዳታ የመጣ አሮጌ ልብስ መንገድ ዳር ተጥሎ ዝናብ ሲመታው ታይቷል። እዚሁ ጅማ ሸጣችሁ ገንዘቡን ብትልኩት ልብሱም ገንዘቡም ቦታውን ያገኛል። መላክ ግድ ከሆነ የታጠበ፣ በወንድ፣ በሴትና በልጆች ዕድሜ የተለየ፣ ላዩ ላይ የተጻፈበት፣ ቀበሌውም “አዎ፣ አምጡ” ያለው ብቻ ይሁን።

ዕቃ ካላችሁ አይቀር በቁጥር አስቡት። 60 ቤተሰብ፣ በአማካይ አምስት አምስት ሰው ብንል 300 ሰው ነው። በዓለም አቀፍ የእርዳታ ሠራተኞች መለኪያ አንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላና 200 ግራም የልብስ ሳሙና ይፈልጋል፤ ለ300 ሰው 75 ኪሎና 60 ኪሎ ማለት ነው። ጀሪካን ለአንድ ቤት ሁለት ነው፦ አንዱ መቅጃ፣ አንዱ ክዳን ያለው ማስቀመጫ። በአንድ ጀሪካን የሚቀዳም የሚጠጣም ቤት ውሃው ቶሎ ይበከላል። 120 ጀሪካን ያስፈልጋል ማለት ነው። ሸራ ከሆነ 4 በ6 ሜትር፣ ወፍራምና የገመድ ቀዳዳ ያለው፤ ስስ ላስቲክ ፀሐይ ቶሎ ይሰነጥቀዋል። ከሸራው ጋር ሲባጎና ምስማር ካላደረጋችሁ ባለቤቱ ተሸክሞት ይቀመጣል። ሞዴስ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ዕቃ ነው፤ ጨምሩ። አጎበርም እንዲሁ፤ ጎርፉ ሲጎድል የሚቀረው ኩሬ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የወባ ትንኝ ይፈለፍልበታል።

ግዢውን ከጅማ አታድርጉት። በአቅራቢያው ካለው ከተማ ግዙ፤ የጭነት ኪራይ ይቀራል፣ ነጋዴውም ይንቀሳቀሳል። እዚያ ዕቃው አልቆ ዋጋው ከተሰቀለ ብቻ ከጅማ ጫኑ፤ ያለቀን ሳሙና ተሻምቶ መግዛት ተጎጂውን በገዛ ገበያው ላይ መጫረት ነው።

ምግብ ከሆነ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ። እርጥብ እንጀራ በቆላ ሙቀት በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። የሕፃናት ዱቄት ወተትና ጡጦ አትውሰዱ፤ በተበከለ ውሃ ሲበጠበጥ ሕፃኑን ያሳምመዋል፣ እናትየውም ማጥባት ትቀንሳለች። ከቤት የተረፈ መድኃኒትም ይቅር። ሱናሚው ወደ መታት የኢንዶኔዥያዋ አቼ ወደ 4,000 ቶን መድኃኒት ገብቶ አብዛኛው ያልተጠየቀ፣ ብዙውም የአገሬው ሰው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈበት ነበር፤ ማስወገዱ ራሱን የቻለ ወጪ ሆነ።

ጥያቄ፦ ስንሄድ የምንጠጣውና የምንዋኝበት ውሃስ?
— የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የመጠጡን ይዛችሁ ሂዱ። ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር አስቡ፤ ልጅ ካለ ለመታጠቢያም ጨምሩ። የመንደሩን ውሃ አትሻሙ። ካለቀባችሁ ለጠራ ውሃ “ውሃ አጋር” የተባለው የክሎሪን ማከሚያ ይበቃል፤ ድፍርስ ከሆነ ግን ክሎሪኑ ከደለሉ ጋር ሲታገል አቅሙ ስለሚያልቅ ደለሉን የሚያዘቅጠው “ቢሻን ጋሪ” የተባለው ዱቄት ይሻላል። የሁለቱም መጠን ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በረኪና ብቻ ከተገኘና ላዩ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ፣ ሽታም ሳሙናም ካልተጨመረበት፣ ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ ሁለት ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። መጠኑ ያልተጻፈበትን፣ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን፣ ለመጠጥ አትንኩት። ማፍላት ከቻላችሁ ውሃው ከተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ሦስት ደቂቃ።

መዋኘት ይቆይ። ጎርፍ ቆርቆሮ፣ ምስማርና የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ሐይቁ ያወርዳል፤ ድፍርስ ውሃ ውስጥ አይታይም። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ በመባል የታወቀ ነው፤ ሐዋሳ ግን አይደለም። አባያና ጫሞ ዳር ደግሞ አዞ አለ፤ ውሃው ሲሞላ አዞው ትናንት ደረቅ ወደነበረው ሣር ድረስ ይመጣል።

ጥያቄ፦ 15 ተማሪዎች ነን። ቅዳሜና እሑድ ሄደን ቤት ብንሠራላቸውስ?
— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

መልስ፦ ቤት መሥራቱን ተዉት። ለሁለት ቀን የሚመጣ 15 ሰው መኝታ፣ ምግብና ሽንት ቤት ይፈልጋል፤ በመንደሩ ደግሞ ሥራ ያጣ አናጢ አለ። የመጓጓዣችሁን ገንዘብ ለዚያ አናጢ የቀን ሂሳብ ብታደርጉት ቤቱም በአገሩ ልማድ ይሠራል፣ እሱም ቤቱን ይመግባል።

ጭቃ ማውጣት ግን ጉልበት የሚበላ ሥራ ስለሆነ ቀበሌው ከጠራችሁ ትጠቅማላችሁ። ሒሳቡን ዕወቁት፦ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ደለል ከገባው አራት ሜትር ኩብ ነው፤ እርጥቡ ወደ ሰባት ቶን ይመዝናል። በአንድ የእጅ ጋሪ 40 ሊትር፣ ማለትም 70 ኪሎ ገደማ ቢጫን 100 ምልልስ ነው። የጎማ ቦት፣ ወፍራም ጓንት፣ ለሁለት ሰው አንድ አካፋ ያስፈልጋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልወሰደ አይግባ።

ሥራው የሚበላሸው በቅደም ተከተል ስህተት ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ እግሩ ውሃ ጠጥቶ ለስልሷል። ውጭ ያለውን ደለል ትታችሁ የውስጡን ብቻ ብታወጡ የውጩ ክብደት ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ ቦይ ቆፍራችሁ ውሃውን ከቤቱ አርቁ፤ ከዚያ በግድግዳው ሁለት ወገን እኩል እኩል ዝቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። ማገሩ ከተላቀቀ ወይም ምሰሶው ካዘመመ አትግቡ። ያወጣችሁትን ጭቃ የት እንደምትደፉ ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ የጎረቤት ቦይ ላይ የተደፋ ደለል በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል።

የኤሌክትሪክ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የሂሳብ ሙያ ያላችሁ ካላችሁ ግን አካፋውን ለሌላው ትታችሁ በሙያችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ለመንደሩ አስጋሪዎች ጀልባና መረብ ሊገዙ ነው። እኛ ምን እንምከራቸው?
— የሱቅ ባለቤት፣ ጅማ መርካቶ

መልስ፦ ከመግዛት በፊት ጥገና። ከሱናሚው በኋላ በስሪላንካና በአቼ በእርዳታ ከተሠሩት ጀልባዎች ጥራት የጎደላቸው ብዙ ነበሩ፤ በአንዳንድ ቦታ ከቀድሞው የበለጠ ጀልባ ተሰጥቶ ዓሣው ላይ ጫና መጣ። ዓሣ አጥምዶ የማያውቅ ሰውም ጀልባ ደረሰው።

ውሃ የገባበት የጀልባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ የሚገድለው ሰው ነው። “ይነሳ ይሆን?” ብሎ ገመዱን መሳብ ክልክል ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ውሃ ስለማይታመቅ ዘንጉን ያጣምማል። መካኒኩ ካልደረሰ ሞተሩን ከውሃ አውጥቶ ከማስቀመጥ እዚያው ውሃ ውስጥ መተው ይሻላል፤ ዝገቱ የሚፈጥነው አየር ሲያገኘው ነው። መካኒኩ ሲደርስ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ካንዴላው ይፈታ፣ ውሃው እስኪወጣ ሞተሩ በእጅ ይዙር፣ ነዳጁና ካርቡራቶሩ ይራገፉ፣ ሲሊንደሩ ዘይት ይጨመርበት። ከዚያ በዚያው ቀን ይነሳ፤ “ነገ” ከተባለ ልፋቱ ከንቱ ነው። እየሠራ ሳለ የሰጠመ ከሆነ ግን ሳይፈታ እንዳይነሳ።

መረብ የሚገዛው በዓይኑ ስፋት ነው፤ ለቆሮሶ የሚሆነው ለናይል ፐርች አይሆንም። የሚፈቀደውን ስፋት የአስጋሪዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበር በጽሑፍ ይስጣችሁ። ዓይኑ የጠበበ መረብ ጫጩቱን ዓሣ ይጠርግና ለሚቀጥለው ዓመት አያስቀርም። ገንዘቡ ሲላክም በግለሰብ ቴሌብር ሳይሆን ሁለት ፈራሚ ባለው የማኅበሩ ሂሳብ ይግባ፤ የተቀባዮቹ ዝርዝር በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ።

ጥያቄ፦ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው?
— ስም አልተገለጸም

መልስ፦ የፈረሰ ቤት ፊት ቆሞ ራስን ማንሳት በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው። የተከፈተውን ማረፊያ፣ የሚጠበሰውን ዓሣ፣ የተጠገነውን ጀልባ ግን አንሱና ቀኑን ጽፋችሁ አሰራጩ። የጎርፉ ምስል ለወራት ሲዞር “አሁን ክፍት ነው” የሚለው ለማንም አይደርስም። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አታንሱ፤ ብርም አታድሉ፣ ከትምህርት ቤት ያስቀራቸዋል።

ጥያቄ፦ ለጫጉላ ወደ ታንዛኒያ ባሕር ዳርቻ ልንሄድ ነው። አውሎ ነፋስ ቢመታውስ?
— ሙሽሮች

መልስ፦ የደቡብ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ የአውሎ ነፋስ ወቅት በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ለምድር ወገብ የቀረበው ዳርቻ ብዙም አይመታም፤ ነገር ግን ሂዳያ የተባለው እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2024 ማፊያ ደሴት ላይ አርፏል። ቲኬትና ክፍል ስትይዙ ቀን የሚለወጥበትን ምረጡ፤ ሰርዞ ገንዘብ ከማስመለስ ይልቅ ቀን መለወጥ ይቀላል። ከማዕበል በኋላ ከደረሳችሁ አስጎብኚ “ማንግሮቭ (በባሕር ጠርዝ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ትከሉ” ቢላችሁ ማን እንደሚንከባከበው ጠይቁ፤ በስሪላንካ ከሱናሚው በኋላ ያለ ቦታው የተተከለው በብዙ ሥፍራ ደርቋል። የተሰበረ ዛጎልና ኮራል ለማስታወሻ አትልቀሙ። ለአስተናጋጆች ጉርሻ የምትሰጡትን በሽልንግ ዘርዝራችሁ ያዙ፤ መብራት ሲጠፋ የኤቲኤም ማሽንም አብሮ ይጠፋል።