መልስ፦ የአባቴን የሙዚቃ ሸክላ ቆርጬ ፍሬም ላስገባው?

አብሽር ወንድሜ፣ ይቻላል። ከአባትህ ሸክላ የደሴውን የጦሳ ተራራ ቅርጽ በጋለ ቢላ ቆርጠህ ልታወጣ እንዳሰብክ ጽፈሃል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ቢላውን ግን ተወው። ሸክላው ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲቃጠል አሲድነት ያለው ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባ ይጎዳል።

እኔ የምቆርጠው ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ቀጭን የእጅ መጋዝ ነው። ቅርጹን በነጭ እርሳስ ሣልበት። እንዳይጫር በሁለቱም ፊት የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። መሃል ላይ ለሚወጣ ክፍት ቦታ በድሪል ብሳና የመጋዙን ምላጭ በቀዳዳው አሳልፈው። ቀስ በል! ከፈጠንክ ይሞቅና የቆረጥከው መልሶ ይጣበቃል። የመጀመሪያዬን እንደዚያ አበላሽቻለሁ፤ ልጨርስ ስል ቀጭ አለ። ጠርዙን በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ ብናኙ አይቦንም።

ለጦሳ ቅርጽ ትልቁ፣ ባለ 33 ዙሩ (በደቂቃ 33 ጊዜ ገደማ የሚዞረው) ሸክላ ይሻላል፤ ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ነው። ባለ 45ቱ 18 እንኳ አይሞላም። ባለ 78 ካገኘህ አትንካው፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል።

ደግሞ ሳትቆርጥ አጫውተህ ስማው። በ1960ዎቹ የታተሙ የአገራችን ሸክላዎችን የውጭ ሰብሳቢዎች በደህና ዋጋ ይፈልጓቸዋል። የሚሰራ ከሆነ ባትነካው ይሻላል፤ ለመጋዙ የተጫረ ፈልግ። አባትህንም መጀመሪያ ጠይቃቸው እንጂ!

የምትሰራው ኮምቦልቻ ላለችው እህትህ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከደሴ ይልቅ እዚያ ይሞቃል፣ ይጣመምባታል።