የአንቴና ምሰሶ መያዣ ዘንግ ሲዝግ ብየዳ መፍትሔ አይደለም

ከጅማ የደረሰን ጥያቄ፦ «በትምህርት ቤታችን ግቢ በሦስት ካቦ የተወጠረ 12 ሜትር የአንቴና ምሰሶ አለ። የአንዱ ካቦ መያዣ ዘንግ መሬት አጠገብ ክፉኛ ዝጓል፤ መወጠሪያው (ተርንበክል) ደግሞ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። በያጅ ጠርተን ላሜራ ብናስበይድበት ይበቃል?»

አይበቃም፤ እባክዎ እንዲበየድ አይፍቀዱ። ካቦው እንደተወጠረ ዘንጉ ከጋለ ብረቱ ይለሰልስና ሊበጠስ ይችላል። አንድ ካቦ ከለቀቀ ደግሞ ምሰሶው ሌሎቹ ሁለቱ ወደሚስቡት አቅጣጫ ይወድቃል። ሥራው እስኪያልቅ ተማሪዎች ከምሰሶው ቢያንስ 15 ሜትር ይራቁ፤ ምሰሶው ላይም ማንም አይውጣ።

ከመቆፈር በፊት መጠባበቂያ ያስሩ። 1.5 ሜትር የሚረዝሙ ሦስት የ50 በ50 አንግል ብረቶችን በካቦው መስመር፣ ከአሮጌው መያዣ ርቀው፣ ወደ ኋላ (ከምሰሶው ተቃራኒ) አጋድመው አንድ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይምቱ። የፊተኛውን ራስ ከሚቀጥለው እግር ጋር በካቦ ያያይዙ፤ አንዱ ብቻውን ይነቀላል፣ ሦስቱ ግን ይደጋገፋሉ። ከዚያ ከመወጠሪያው በላይ ካቦውን በክላምፕ ይዘው በፓራንኮ (በሰንሰለት መሳቢያ) ወደ ፊተኛው አንግል እግር ይሳቡ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይሥሩት።

አሁን በዘንጉ ዙሪያ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በእጅ ይክፈቱ። ኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ሲሚንቶው ይጠብቀዋል፤ ከአፈር በላይ ያለው ዝናቡ ሲያባራ ይደርቃል። ኮንክሪቱ አልቆ አፈሩ የሚጀምርበት ስንዝር ግን እርጥበትም አየርም ያገኛል፣ የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ ነው። ዘንጉ እዚያ ላይ እንደ ወገብ ይቀጥናል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩት፦ 16 ሚሊ ሜትር የነበረው 12 ከደረሰ 44 በመቶ ጥንካሬው ሄዷል። የመብረቅ መከላከያ መዳብ ሽቦ ዘንጉ ላይ ታስሮ ካገኙ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ መዳብ ከጋልቫናይዝድ (ዚንክ ከተለበጠ) ብረት ጋር በእርጥበት ሲነካካ የሚበላው ዚንኩ፣ ቀጥሎም ብረቱ ነው። በጋልቫናይዝድ ሽቦ ይተኩት። የቀሩትን ሁለት ዘንጎችም ይክፈቱ፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው።

አዲሱ ጉድጓድ ከአሮጌው በስተኋላ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። በምሰሶው በኩል ያለውን አፈር አይንኩ፤ አሮጌውን ኮንክሪት የያዘው እሱ ነው። 70 በ70 በ70 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት 800 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሲቦካ 50 ኪሎ ከረጢት ሁለት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ዘንጉ 20 ሚሊ ሜትር ልሙጥ ክብ ብረት ይሁን፤ ፌሮ አጥፎ መበየድ የተለመደ ቢሆንም ብየዳ ተሰባሪ ያደርገዋል። ቀለበቱ አሮጌው የነበረበት ድረስ እንዲደርስ ረዘም ይበል። የኮንክሪቱ አናት ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ ውሃ እንዳያቁር ዳገት ይኑረው። ለሰባት ቀን ውሃ ያጠጡት፤ ካቦ የሚታሰርበት ከ14 ቀን በኋላ ነው። ለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ይመቻል፤ ዘንጉ 12 ከደረሰ ግን ወቅት አይጠብቁ።

የተጣበቀውን መወጠሪያ አያላቅቁት፤ ጭነቱ ፓራንኮው ላይ መሆኑን አረጋግጠው ይቁረጡት። አዲሱ በሁለቱም ጫፍ ዝግ ቀለበት ይኑረው፣ መንጠቆ ሲወጠር ይከፈታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክላምፕ ላይ ነው፦ ኮርቻው (ካቦው የሚቀመጥበት ክፍሉ) ጭነት በሚሸከመው ካቦ ላይ፣ ዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን በተረፈው ጫፍ ላይ ይውላል። ቢገለበጥ ቡሎኑ ዋናውን ካቦ ይቀጠቅጠዋል። ለ6 ሚሊ ሜትር ካቦ ሦስት ክላምፕ በአራት ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ጫፉም 20 ሳንቲ ሜትር ይታጠፍ። ቀድመው ከቀለበቱ የራቀውን፣ ከዚያ የቀረበውን፣ መጨረሻ መሃለኛውን ያጥብቁ።

ምሰሶውን ከሁለት አቅጣጫ በቱንቢ እያዩ ይወጥሩ። መወጠሪያው በነፋስ እየተንቀጠቀጠ እንዳይፈታ ሽቦ በመሃሉና በሁለቱም ቀለበቶች አሳልፈው ይቋጥሩት። ካቦ ሲወጠር ስለሚቀጥን የክላምፖቹ ዳዶ ይላላል፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ እንደገናም ከመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ በኋላ ያጥብቁት።