የጀልባህን ተሳቢ ጎማ ቀይረው፤ «16» የፈረንጅ ዓመት ነው

ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር የምታቆመው የብረት ጀልባ አለህ። ተሳቢው ባለ ሁለት ጎማ ነው። ጎማዎቹን አምና ስትገዛ «የ2016 ምርት ናቸው» ተብለሃል። አንተም ጎናቸው ላይ 3616 የሚል ቁጥር አይተህ አምነሃል። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ጎናቸው ግን መሰነጣጠቅ ጀምሯል። አሁን ጀልባውን ለብየዳ ኮምቦልቻ ልታወርደው ነው። «ሁለት ዓመት የሆነው ጎማ እንዴት ይሰነጠቃል? ልቀይረው ወይስ ትንሽ ልጠቀምበት?» ነው ያልከው።

ቀይረው። ለዚያውም ኮምቦልቻ ከመውረድህ በፊት።

3616 ላይ ያለው 16 የእኛ 2016 አይደለም። ፋብሪካ የሚጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ይናገራሉ። ስለዚህ ያንተ ጎማ በፈረንጆቹ 2016፣ በ36ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ወደ እኛ ስትመልሰው ጳጉሜን 2008 ላይ ይወድቃል። እንቁጣጣሽ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ማለት ነው። እና ጎማህ ሁለት ዓመቱ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ለዚህ ነው የተሰነጠቀው። የሸጠልህን ሰው አታለለህ ብዬ አልፈርድም። ብዙ ሻጭ ራሱ ቁጥሩን በእኛ ዓመት ነው የሚያነበው። እኛ አገር ጎማ ሲገዛ ከዚህ የሚብስ ስህተት አላውቅም፤ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ይሰወርብሃል።

ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚጻፈው። ውጭ በኩል ካጣኸው ባትሪ ይዘህ ከሥር ግባና የውስጡን ጎን እይ። አራት ሳይሆን ሦስት አሃዝ ካገኘህ ጎማው በፈረንጆቹ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። እሱን ለልጆች መጫወቻ አድርገው።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ያኔ ለዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ እጎትት ነበር። አንድ ቀን እንዳንተው ለብየዳ ጀልባ ጭነን ከሐይቅ ተነሳን። ደሴን አለፍን። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር እኩለ ቀን ሆኗል። ከፊታችን ከባድ መኪኖች ተደርድረው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። መሪው ልክ ነው፣ ፍሬኑ ልክ ነው። ከኋላዬ የነበረ ባለባጃጅ ጡሩንባውን አስጮኸ። በስፖኪዮ ሳይ ጀልባው ወደ ቀኝ ተንጋዷል።

ወርደን ስናይ የጎማው ጥርስ ያለበት ክፍል እንደ ቀበቶ ተገሽልጦ ወጥቷል። ሲገሸለጥ ፓራፋንጎውን ቀዶ፣ የኋላ መብራቱን ሽቦ በጥሶታል። ያ የተገሸለጠው ቁራጭ ላይ ጥርሱ አዲስ ነበር። እጄ ላይ ይዤው ቆሜ አየሁት፤ ገና ብዙ ይሄዳል የምትለው ዓይነት። ትርፍ ጎማውን ገጠምን። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ እሱም ተነፈሰ። ለካ ትርፉ ከሁሉም የሚያረጀው ነው። ሁለቱ ሲቀየሩ እሱን ማንም አላስታወሰውም። ያን ቀን ጀልባውን መንገድ ዳር አቁመን አደርን።

በማግስቱ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ጎማውን በቢላ ከፍቶ አሳየኝ። ውስጡ ያለው የብረት ሽቦ ዝጎ ቡኒ ሆኗል። ውሃ በስንጥቁ እየገባ ሽቦውን በልቶታል። ከዚያ ቁጥሩን ጠቁሞ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ መለሰልኝ። ያን ዕለት ነው የጎማ ልደት ማንበብ የጀመርኩት።

አንተ ያላነሳኸው ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። የተሳቢ ጎማ አይናገርም። የመኪናህ የፊት ጎማ ሲታመም መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል። የተሳቢው ሲታመም ሌላ ሰው ካልነገረህ አታውቅም። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ነው መፍረድ ያለብህ።

ጎማ የሚያልቀው በመሄድ ብቻ ይመስለናል። የጀልባ ተሳቢ ግን በመቆም ነው የሚያልቀው። ፋብሪካው ጎማው ውስጥ እንደ ሰም ያለ መከላከያ ይጨምርበታል። ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ያ ሰም ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይጠብቃል። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የቆመ ጎማ ሰሙ አይወጣም፤ ቆዳው ይደርቃል። በዚያ ላይ ፀሐዩ አለ። ሐይቅ ከተማ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ነፋሻ ስለሆነ ፀሐዩ ቀላል ይመስላል እንጂ ጎማ ላይ ጨካኝ ነው። እንደገናም የጀልባው ክብደት ወር ሙሉ አንዱን ቦታ ብቻ ይጫነዋል። ነፋሱ ጎድሎ ከቆመ ደግሞ ጎኑ ተጨማድዶ እዚያው ይሰነጠቃል።

ስንት ዓመት ነው ታዲያ? ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ጎማ ቢያምርም ባያምርም ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ቀይሩ ይላሉ አብዛኞቹ የሚመክሩት። ለቤት መኪና ጎማ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ከ10 ዓመት በላይ ግን እሱንም አትጠቀሙ ይላሉ። እኔ ለራሴ የያዝኩት 5 ዓመት ነው። ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ ከሆነ 6 እፈቅድለታለሁ። ከዚያ ወዲያ ጥርሱን አላይም።

ስንጥቁን ለማየት መጀመሪያ በሳሙና እጠበው። ጭቃ ብዙ ይደብቃል። ገበያ ላይ የሚቀቡት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቅባት ደግሞ ከጭቃ የባሰ ይደብቃል። ከዚያ ጥፍርህን በስንጥቁ ላይ አቋርጠህ ሳበው። ፀጉር የመሰለ፣ ጥፍር የማይዝ መስመር ከሆነና ዕድሜው ገና ከሆነ እየተከታተልክ ልትጠቀምበት ትችላለህ። ጥፍርህን ከያዘው አበቃ። ክር ወይም ሽቦ ከታየህ ጭራሽ አታንቀሳቅሰው፤ እዚያው አውልቀው። የጥርሱን ሥር፣ ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበትን ትከሻም እይ፤ መገሽለጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚነሳው። በመዳፍህም የውስጡን ጎን ዳብሰው። እንደ እባጭ ያበጠ ነገር ካገኘህ ዕድሜውን መጠየቅም አያስፈልግም። በመጨረሻ በክሪክ አንሳውና አሽከርክረው። ከጎን ቆመህ ስታየው ከፍ ዝቅ ካለ ውስጡ መላቀቅ ጀምሯል።

ጥርሱ ደግሞ ሌላ ወሬ ያወራል። መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋስ በዝቶበታል። ሁለቱ ዳር ካለቀ ጎድሎበታል። አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘው ብረት፣ አክስሉ፣ ጠሟል፤ አዲስ ጎማ ብትገጥምም እሱን ካላስቀናህ ይበላዋል።

አዲስ ስትገዛ ሁለቱንም በአንድ ቀን ቀይር፤ ከቻልክ ትርፉንም። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ የሚሄድ ተሳቢ ሲጎተት አያምርም። የሸክም ቁጥሩንም አንብብ። ከመጠኑ ቀጥሎ 91 የሚል ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 615 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ 1230። የብረት ጀልባህን፣ ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ መረቡን፣ የተሳቢውንም ክብደት ደምርና ተመልከት። እኔ ልክ ልኩን አልገዛም፤ ከፍ ያለውን ነው የምይዘው። ሻጩ «አዲስ ነው» ሲልህ ላስቲክ መጠቅለያውን አትመን። መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት የተኛ «አዲስ» ጎማ ሞልቷል። ቁጥሩን አንብብ፣ በፈረንጅ መሆኑን አስታውስ።

ከገጠምክ በኋላ ነፋሱን ጠዋት፣ ሳይሄድ ለካው። ከሞቀ በኋላ መለኪያው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ያታልልሃል። ለተሳቢ የተሠራ ጎማ ሙሉ ሸክም ሲይዝ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ መጠን ያህል ይሞላል። የጎደለ ነፋስ ጎማውን ያግለዋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያ ሙቀት ነው የሚገለው።

ጀልባው ሲቆም ተሳቢውን በድንጋይ ወይም በእንጨት አንሳው፣ ጎማው መሬት አይንካ። በሸራ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው። ሌላም አለ፦ ከመንገድ እንደገባህ ተሳቢውን ወዲያው ውሃ ውስጥ አትክተተው። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ሻይ ጠጥተህ ተመለስ፣ ይቀዝቅዝ።

አብሽር፣ ለጊዜው ብር ካጠረህ ጀልባው ሐይቅ ዳር ይቆይ፤ ወይም በያጁን ሐይቅ ድረስ ለምነህ አምጣው። በእነዚህ ጎማዎች ግን ሐረጎን አትውረድ። የትርፍ ጎማህንም ቁጥር አንብበህ ጻፍልኝ፤ ወደ እኛ ዓመት መልሼ እነግርሃለሁ።