የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሹል ማዕዘን ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት

ጥያቄ፦ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በፈተና ላይ ጎኖቹ 8፣ 15 እና 17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ተሰጠን። የማዕዘን «ሀ» ሳይን ስንት ነው ለሚለው 8/17 ብዬ መለስኩና ልክ ሆነ፤ ስለ ማዕዘን «ለ» ስጠየቅ ግን ያንኑ ብጽፍ ስሕተት ተባልኩ። ጎነ ሦስቱ ያው ሆኖ ሳለ መልሱ ለምን ይለወጣል? በተጨማሪም የ30 ዲግሪ ሳይን 0.5 ነው ተብለን ሳለ የእኔ ካልኩሌተር -0.988 ያሳየኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ ሳይን የጎነ ሦስቱ ሳይሆን የአንድ ማዕዘን ንብረት ስለሆነ ነው። በሰጠሽን ምሳሌ የ90 ዲግሪው ማዕዘን «ሐ» ይሁን። ከእሱ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን፣ ማለትም ባለ 17 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሃይፖቴኑዝ ይባላል፤ ይህ ስሙም አይለወጥም። የቀሩት ሁለት ጎኖች ግን ቋሚ ስም የላቸውም። ከ«ሀ» ሆነን ስናይ ባለ 8 ሳንቲ ሜትሩ ፊት ለፊት፣ ባለ 15ቱ ደግሞ አዋሳኝ ጎን ነው፤ ወደ «ለ» ስንሻገር ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሳይን የፊት ለፊቱ ጎን ለሃይፖቴኑዝ፣ ኮሳይን አዋሳኙ ጎን ለሃይፖቴኑዝ፣ ታንጀንት ደግሞ የፊት ለፊቱ ጎን ለአዋሳኙ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ የ«ሀ» ሳይን 8/17፣ ኮሳይኑ 15/17፣ ታንጀንቱ 8/15 ነው። የ«ለ» ሳይን 15/17፣ ኮሳይኑ 8/17፣ ታንጀንቱ 15/8 ይሆናል። አንቺ ለ«ለ» የጻፍሽው 8/17 እንግዲህ ከየትም የመጣ ቁጥር አይደለም፤ የ«ለ» ኮሳይን ነው። ሁለቱ ሹል፣ ማለትም ከ90 ዲግሪ ያነሱ፣ ማዕዘኖች ተደምረው ምንጊዜም 90 ዲግሪ ስለሚሆኑ የአንዱ ሳይን ከሌላው ኮሳይን ጋር እኩል ነው።

ተማሪዎች «ሶህ ካህ ቶአ» (SOH CAH TOA፣ የሳይን፣ የኮሳይን፣ የታንጀንትና የጎኖቹ የእንግሊዝኛ ስሞች መነሻ ፊደላት) እያሉ ቀመሩን በቃላቸው ይይዛሉ። ይህ የትኛው ለየትኛው እንደሚካፈል ያስታውሳል እንጂ የትኛው ጎን ፊት ለፊት እንደሆነ አይነግርም፤ ስሕተቱ የሚፈጠረው ደግሞ በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ከማስላትሽ በፊት የተጠየቅሽበትን ማዕዘን በእርሳስ አክብቢና ከእሱ ጋር የማይነካካውን ጎን ፈልጊ፤ ፊት ለፊቱ ያ ነው። ሥዕሉ ተገልብጦ ወይም ተጋድሞ ቢመጣም ይህ መንገድ አያሳስትም።

የጎኖቹ ርዝመት በሦስት ቢባዛና 24፣ 45 እና 51 ቢሆኑም 24/51 ሲቃለል ተመልሶ 8/17 ነው። ማዕዘኖቹ እስካልተለወጡ ድረስ ጎነ ሦስቱ ቢተልቅ ወይም ቢያንስ ንጥጥሩ፣ ማለትም አንዱ ጎን ለሌላው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ አይነቃነቅም፤ ለአንድ ማዕዘን አንድ የሳይን ዋጋ ብቻ ሊኖር የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ የተነሣ አንዱን ንጥጥር ካወቅሽ ሌሎቹን ማግኘት ትችያለሽ። ለምሳሌ የአንድ ሹል ማዕዘን ሳይን 5/13 ነው ከተባልሽ፣ ፊት ለፊቱን 5፣ ሃይፖቴኑዙን 13 አድርገሽ በፓይታጎረስ ቴዎረም መሠረት ከ13 ካሬ፣ ከ169 ላይ፣ የ5ን ካሬ፣ 25ን፣ ስትቀንሺ 144 ይቀራል፤ ሥሩ 12 ስለሆነ ኮሳይኑ 12/13፣ ታንጀንቱ 5/12 ነው።

ወደ ካልኩሌተርሽ ስንመጣ፣ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ራዲያን በተባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ተቀምጦ 30 ራዲያንን እያሰላልሽ ነው። በሞድ ቁልፍ ወደ ዲግሪ መልሺው። የሹል ማዕዘን ሳይንና ኮሳይን ከዜሮ በላይና ከአንድ በታች ስለሆኑ ኔጌቲቭ ቁጥር ወይም እንደ 17/8 ያለ መልስ ሲመጣ ያለ ምንም ማሽን ስሕተቱን ማወቅ ይቻላል። 0.5 የሚለውንም በቃል መያዝ አያስፈልግም፦ ሦስቱም ጎኖቹ 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ጎነ ሦስት ሣዪና ከአናቱ እስከ መሠረቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር አውርጂ። ባለ 60 ዲግሪው አናት ለሁለት ተከፍሎ 30 ይሆናል፤ ከፊቱ ያለው ጎን 1፣ ሃይፖቴኑዙ 2 ነው።

ጥያቄ፦ ወርዱ 8 ሜትር ለሆነ ቤት በሁለቱም በኩል 20 ዲግሪ የሚያዘነብል የቆርቆሮ ጣሪያ ላሠራ ነው። ዘመም ብሎ የሚወጣው እንጨት ስንት ሜትር መሆን አለበት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የወርዱ ግማሽ 4 ሜትር ለ20 ዲግሪው ማዕዘን አዋሳኝ ጎን ነው፤ እንጨቱ ሃይፖቴኑዙ ነው። ስለዚህ 4ን ለ20 ዲግሪ ኮሳይን፣ ማለትም ለ0.94 ያህል ሲያካፍሉ 4.26 ሜትር ገደማ ያገኛሉ። የጣሪያው አናት ከግድግዳው በላይ የሚኖረው ከፍታ 4 በታንጀንቱ፣ በ0.364፣ ተባዝቶ 1.46 ሜትር ገደማ ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ የግማሽ ሜትር ታዛ የሚፈልጉ ከሆነ በ4.26ቱ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ አይጨምሩ፤ ታዛው የሚለካው በአግድም ስለሆነ 4.5ን ለኮሳይኑ ያካፍሉ። እንጨቱ 4.79 ሜትር ይሆናል፤ ለቆረጣ የሚባክነውን ደግሞ አናጢዎ ይጨምርበታል።