ከእናቴና ከልጄ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች በመኪና ልንሄድ ነው፤ ከፍታው ያሰጋናል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። ጥር ላይ ከስምንት ዓመት ልጄ ጋር አዲስ አበባ እመጣለሁ። እናቴን ይዘን ባሌን ልናይ አስበናል። መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ገብተን ሰኞ ማለዳ እንነሣለን። በአሰላና በዶዶላ አድርገን በዚያው ቀን ዲንሾ ገብተን እናድራለን። በማግስቱ ሳነቴን አቋርጠን ወደ ሐረና ጫካ እንወርዳለን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው አዲስ አበባ ነው። የደም ግፊት አለባት፤ አምሎዲፒንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች። መንገድ ስትወጣ ግን ሽንት ያስቸግረኛል ብላ ኪኒኑን ትዘላለች። ልጄን ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ያስመልሳታል። ከፍታው ለእናቴ አደጋ አለው? ለልጄስ ምን ልያዝ? ወባስ?

መልስ፦ ይሂዱ። የእናትዎ ግፊት በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ ባሌ አይከለከሉም። እኔ የማልስማማው በዕቅዱ ጥድፊያ ነው። ደግሞም ከፍታውን በተመለከተ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ እርስዎና ልጅዎ ናችሁ። እናትዎ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ደማቸውም አተነፋፈሳቸውም ለምዶታል። እናንተ ግን የምትመጡት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማይል ከተማ ነው።

የከፍታ ሕመም የሚባለው ከ2,500 ሜትር በላይ የሚያጋጥም ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፍታው ላይ በደረሱ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ምን ያህል ከፍ አልን ከሚለው ይልቅ ሌሊቱን የት አደርን የሚለው ይበልጣል። ሳነቴ አምባ ላይ መንገዱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ እዚያ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በ40 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሆኖም ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ ለሚወርድ ሰው ብዙውን ጊዜ ችግር አይፈጥርም። ዲንሾ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከአሜሪካ በመጡ በሦስተኛው ሌሊት፣ ቀኑን ሙሉ ነድተው ደክሟችሁ፣ እዚያ ማደሩ ልክ አይደለም።

ስለዚህ ጉዞውን እንዲህ ያድርጉት። መጀመሪያ አዲስ አበባ አራት ወይም አምስት ቀን ይቀመጡ። ከቨርጂኒያ ጋር የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ እንቅልፍዎ እስኪስተካከል ከፍታውንም ይለማመዱታል። ከዚያ የመጀመሪያውን ሌሊት አሰላ ይደሩ። አሰላ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይለይ ከፍታ ላይ ነው፤ መንገዱም ግማሽ ቀን አይፈጅም። በማግስቱ በበቆጂ በኩል ወደ ዶዶላ፣ ከዚያ አዳባ። በቆጂ ላይ ቢቆሙ ደስ ይለኛል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ያደጉበት አየር ነው፤ ልጅዎ ሜዳው ላይ ትንሽ ትሩጥ። ዲንሾን አልፈው ሮቤ ወይም ጎባ ይደሩ። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ሳነቴን በሦስተኛው ቀን ከጎባ ተነሥተው አይተው፣ ወደ ሐረና ወርደው፣ ሳይመሽ ጎባ ይመለሱ። ዲንሾ ማደሩን ለመመለሻ ያድርጉት። ያን ጊዜ ሰውነታችሁ ተላምዷል፤ የደጋ አጋዘኑንም ተረጋግታችሁ ታያላችሁ። በዚህ መልክ ከሄዳችሁ ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚሰጠው አሲታዞላማይድ የሚያስፈልጋችሁ አይመስለኝም።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ኪኒን መዝለላቸውን ከልብ እቃወማለሁ። ከፍታ ላይ የደም ግፊት በራሱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብርዱም ይጨምርበታል። ፍርሃታቸው ግን እውነተኛ ነው። አንዲት ትልቅ ሴት መንገድ ዳር መጸዳጃ አጥታ የምትሳቀቀውን መሳቀቅ ብዙ እናቶች ክሊኒክ ውስጥ በዝግታ ነግረውኛል። አንዳንዶቹ ኪኒኑን ብቻ ሳይሆን ውኃውንም ይተዋሉ። ከዚያ ከመኪና ሲወርዱ ዓይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። መፍትሔው ከመንገዱ ነው የሚገኘው። የሚያሸናው ኪኒን፣ ማለትም ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ፣ ከተወሰደ ከሁለት ሰዓት በኋላ መሥራት ይጀምራል፤ በአራተኛው ሰዓት ገደማ ይበረታል። አጭር መንገድ በሚሄዱበት ቀን ማረፊያ ከደረሱ በኋላ ሊወስዱት ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ። ጠዋት ይውሰዱት ካላቸው ደግሞ የምትቆሙበትን ከተማ ቀድመው ይንገሯቸው። ሞጆ፣ አዳማ፣ አሰላ እያሉ ሆቴል ባለበት ይቁሙ። የት እንደሚቆም ያወቀ ሰው ውኃ አይፈራም። የመጸዳጃ ወረቀትና ሳሙና ከእጅ አይጥፋ።

በየሰዓት ተኩሉ ከመኪና ወርደው አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ይሄ ለእርስዎም ነው፤ ረጅም በረራ አድርገዋልና። ተቀምጠውም ተረከዝን እያነሡ መመለስ እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ይረዳል። አምሎዲፒን ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ያ አያስደንግጣችሁ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ ግን ሐኪም ይየው። የግፊት መለኪያ ካለ ይያዙ፤ የሚለካው አምስት ደቂቃ ካረፉ በኋላ ነው። ከ180/120 በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአንድ ወገን መዛል ካለ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። በመንገዳችሁ ላይ አሰላና ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል አላቸው። ባለፉት ወራት የልብ ሕመም ያጋጠማቸው፣ ጥቂት ሲራመዱ ደረታቸውን የሚይዛቸው ወይም ተኝተው የሚያፍናቸው ከሆነ ግን ሳነቴ ይቅር፤ መጀመሪያ ሐኪማቸው ይመርምራቸው።

እናትዎ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ የሳነቴን ቀን በሌላ ቀን ያድርጉት። ባዶ ሆድ፣ የሚያሸና ኪኒንና 4,000 ሜትር አብረው አይሄዱም።

ልጅዎን የሚያስመልሳት ጆሮዋ ውስጥ ያለው የሚዛን አካልና ዓይኗ የተለያየ ወሬ ስለሚነግሯት ነው። ጆሮ እየተጠማዘዝን ነው ይላል፤ ስልክ ላይ የተተከለ ዓይን ደግሞ ቆመናል ይላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበረታል። ስለዚህ ታብሌቱ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የኋላ ወንበር መሐል ላይ ሙሉ ቀበቶ ካለ እዚያ ትቀመጥና በፊት መስታወት አሻግራ ሩቁን ተራራ ትይ። ያመማል ብለው የፊት ወንበር አይስጧት፤ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቦታው ከኋላ ነው። ከፍ የሚያደርጋትን የልጅ መቀመጫ ከአሜሪካ ይዘው ይምጡ። ጠዋት ቅባት የሌለው ትንሽ ቁርስ ትብላ። በዳቦ ወይም በገንፎ ትነሣ፤ ጥብሱ ከደረሳችሁ በኋላ ይሁን። ሎሚ ማሽተት የቆየ የአውቶቡስ ዘዴያችን ነው፤ ጉዳት የለውም፤ የቤንዚን ሽታ ለሚረብሻት ልጅ እኔም እመክረዋለሁ። ዝንጅብልም ለአንዳንዱ ይረዳል። መስኮት ትንሽ ይከፈት። እናትዎ ብርድ ይመታናል ማለታቸው አይቀርም፤ ጋቢ ደርበውላቸው ከልጅቷ በኩል ያለውን ብቻ ይክፈቱት። ፌስታልና ቅያሪ ልብስም እጅዎ አጠገብ ይሁን።

መድኃኒት ከፈለጉ ዳይመንሃይድሪኔት ለዕድሜዋ የሚሆን ነው። ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም፣ ከመነሣታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ሊደገም ይችላል። በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አይለፍ። ድራማሚን በሚለው ስም የተለያየ ይዘት ያላቸው ኪኒኖች ስለሚሸጡ ጽሑፉን ያንብቡ፤ የልጆች ሐኪሟንም ያማክሩ። እንቅልፍ ስለሚያስይዝ፣ አንዳንድ ልጅንም ስለሚያቅበጠብጥ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። እርስዎ ሹፌሩ ግን አይንኩት። እናትዎም አይውሰዱት፤ በዕድሜ የገፋን ሰው ሊያደናግርና ሊጥል ይችላል።

ስለ ሹፌሩ ካነሣሁ ልቀጥል። በዚህ ጉዞ ላይ ከከፍታውም ከወባውም በላይ የምሰጋው ለመኪና አደጋ ነው። ማታ አይንዱ፤ ከብትም፣ ጋሪም፣ ሰውም መንገድ ላይ አለ። የሰዓት ልዩነቱ ያመጣው እንቅልፍ በቡና አይመለስም፤ በጫት ጭራሽ አይሞከርም። ዓይንዎ ከከበደ ዳር ይዘው ሃያ ደቂቃ ይተኙ። ከሳነቴ ወደ ሐረና ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። ፍሬን ረግጠው አይውረዱት፤ ፍሬኑ ይግላል። በከባድ ማርሽ፣ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ፣ ይውረዱ። የእናትዎ ቀበቶ ከኋላም ቢሆን ይታሰር።

ሳነቴ ላይ ስትደርሱ ወርዳችሁ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። 4,377 ሜትር የሆነው ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የግድ መውጣት የለባችሁም፤ ጅባራውንም ቀይ ቀበሮውንም ከታች ታዩታላችሁ። ጃኬትና ኮፍያ ያስፈልጋል። ፀሐዩ ግን ብርዱ ውስጥ ተደብቆ ያቃጥላል፤ የልጅዎን ፊት የፀሐይ መከላከያ ይቀቡት። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ካለ ተራራው ላይ አትቆዩ፣ ውረዱ። ተቀምጦ የሚያለከልክ፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚዘበራረቅ ከሆነ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ወደ ጎባ ሆስፒታል ውረዱ። ልጅዎ ውሻ እንዳትነካም ይንገሯት። የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹንም ሲፈጅ የኖረ ነው። ውሻ ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ለክትባት ሆስፒታል ይውሰዷት።

ወባ ጎባና ዲንሾ ላይ አያሳስብም። አዳማና ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ግን አለ፤ ከሐረና በታች ደሎ መና ድረስ ከወረዳችሁም አለ። እርስዎ ልጅ ሳሉ ወባ ታመው ቢያውቁም፣ ለዓመታት ውጭ ከኖሩ በኋላ ያ መከላከያ ይከዳዎታል፤ ልጅዎ ደግሞ ጭራሽ የላትም። ቆላ ላይ የምታድሩ ከሆነ ከመምጣታችሁ በፊት አሜሪካ ያለ የጉዞ ክሊኒክ ሄዳችሁ መከላከያ ኪኒን ውሰዱ። አቶቫኮን ከፕሮጓኒል ጋር የተቀመመው፣ በተለምዶ ማላሮን የሚባለው፣ ወባ ያለበት ቦታ ከመድረሳችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ተጀምሮ ከወጣችሁ በኋላ ሰባት ቀን ይቀጥላል። አጎበርም አይቅር። ወደ ቨርጂኒያ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ወራት ከሁለት አንዳችሁን ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቆዩ። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ከኢትዮጵያ መመለሳችሁን ተናገሩ፤ የወባ ምርመራም እንዲደረግ ጠይቁ።